የተውኔት ቃላት በ«ኤዲፐስ ንጉሥ» ሲመረመሩ

ሴራ፣ ግጭት፣ ምጸት፣ ቃለ ተውኔትና እነዚህን የመሰሉ ቃላት በተማሪ ልቡና ውስጥ ሥር ሳይሰዱ የሚቀሩት፣ ትርጓሜያቸው በቃል እየተጠና ሥራቸው ግን በአንድ ድርሰት ውስጥ ሳይመረመር ስለሚታለፍ ነው፤ ስለዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የአቴናው ሶፎክልስ የደረሰውን «ኤዲፐስ ንጉሥ» የተሰኘውን ትራጄዲ ምስክር አድርገን እንጠራለን።

መቼቱ ቸነፈር የገባባት የቴቤስ ከተማ ናት። የቀድሞው ንጉሥ የላዮስ ገዳይ ካልተወገደ መቅሠፍቱ እንደማይርቅ በዴልፊ ትንቢት የተነገረው ኤዲፐስ ያልታወቀውን ገዳይ በሕዝብ ፊት ይረግማል። ገዳዩ ራሱ እንደ ሆነ፣ ላዮስም አባቱ፣ ሚስቱ ዮካስታም እናቱ እንደ ሆኑ እርሱ ባያውቅም፣ ታሪኩን አስቀድሞ የሰማው ተመልካች እርግማኑ ወደ ተናጋሪው ሲመለስ እያየ ይሰቀቃል፤ ተውኔታዊ ምጸት የሚባለውም ይኸው ነው።

ግጭትን ብዙ ተማሪዎች ጠብ ብቻ ይመስላቸዋል። ንጉሡ ከዕውሩ ነቢይ ከቲሬስያስ ጋር መጣላቱ እውነት ነው፤ ጥልቁ ግጭት ግን፣ ዮካስታ ፍለጋውን እንዲተው እየተማጸነችው እንኳ፣ የሚያጠፋውን እውነት ለማወቅ በሚጓጓ በራሱ ኅሊና ውስጥ ያለው ነው።

አርስጣጣሊስ በትራጄዲ ውስጥ ሴራን ከሁሉ አስቀድሞ ገጸ ባሕርይን ሁለተኛ ያደረገው፣ በእኔ አስተያየት፣ በእውነተኛ ፍርድ ነው፤ ሴራ የድርጊቶች መደርደር ሳይሆን አንዱ ድርጊት ሌላውን እየወለደ በምክንያት መያያዙ ነውና። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ንጉሡን ከሥጋት ሊያሳርፈው አስቦ አሳዳጊው የሥጋ አባቱ እንዳልነበረ ሲነግረው፣ ማጽናኛ የተባለው ቃል የጥፋቱን በር ይከፍታል፤ ይህ የዕድል መገልበጥ ከማንነቱ መታወቅ ጋር በአንድነት ስለሚመጣ ፈላስፋው ድርሰቱን አብዝቶ አመስግኖታል።

ተዋንያኑ ጭምብል ያጠለቁ 3 ወንዶች ብቻ ሆነው ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ እየተፈራረቁ ይጫወቱ ነበር፤ ከእነርሱም ጋር 15 መዘምራን ይቆሙ ነበር። ድርሰቱን በገቢር ከፋፍሎ የሚፈልግ አያገኝም፤ ክፍሉን ከክፍሉ የሚለየው የመዘምራኑ ዜማ ነው። የዮካስታ ሞትና የኤዲፐስ ዓይን መጥፋትም በመድረክ ላይ አይታይም፤ ከቤተ መንግሥቱ የወጣ መልእክተኛ ይተርከዋል፤ የቃለ ተውኔትም ኃይል ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በዚያ ትረካ ነው።