ግሪሳ ያልሆነው ሰማያዊ ወፍ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ማሳ ስንጎበኝ ገበሬዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ወፍ እህላችንን ይፈጀው ይሆን?» የሚል ነው። ወፍ በመንጋ ሲወርድ ያየ ሰው ግሪሳን ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ግሪሳ ድንቢጥ የሚያህል ትንሽ ወፍ ሲሆን፣ አጭርና ወፍራም ምንቃሩ ለጥሬ መፈልፈያ የተሠራ ነው። ሰማያዊው ወፍ ግን 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ምንቃሩም ጥቁርና ቀጠን ያለ ነው። ላባው በጥላ ሥር ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ዓይኑ ብርቱካንማ ቢጫ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ላምፕሮቶርኒስ ካሊቢየስ ይባላል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ መቀነት ያለው ውብ ወፍ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ይህ ወፍ መሬት ላይ እየተራመደ ነፍሳትን ይለቅማል። ሾላና ዋርካ ሲያፈሩ ፍሬያቸውን ይበላል። የወደቀ እህልም ያነሳል፤ በጓሮ የበሰለ ፍራፍሬም ሊወጋ ይችላል። ጫጩቶቹን ግን በአብዛኛው የሚያሳድገው በነፍሳት ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን መጤ ተምች ይህ ወፍ ብቻውን ያቆመዋል አንልም። ሆኖም ነፍሳት የሚለቅም ወፍን ያለ ጥፋቱ መግደል ለገበሬው ትርፍ የለውም።

ወፉን ይበልጥ የሚጎዳው ወንጭፍ ሳይሆን መጥረቢያ ነው። በዛፍ ላይ ራሱ ቀዳዳ መቆፈር ስለማይችል፣ የሚጥለው ባረጀ ዛፍ ፍልፍል ወይም ሌሎች ወፎች ቆፍረው በተዉት ቀዳዳ ነው። ከ3 እስከ 5 እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ በ14 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም ከ23 ቀን ያህል በኋላ ይበራሉ። ያረጀ ዋንዛ ለሳንቃ ተቆርጦ በቦታው ባሕር ዛፍ ሲተከል፣ ገና ቀጭን ሳለ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ለጎጆ የሚሆን ፍልፍል አያወጣም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1. በማሳ ዳርና በወንዝ ዳር ካሉት አሮጌ ዛፎች ጥቂቱን ሳይቆርጡ ማቆየት፤
2. ዛፍ መቁረጥ ግድ ከሆነ በፍልፍሉ ውስጥ ጫጩት መኖሩን አስቀድሞ ማየትና እስኪበሩ መታገሥ፤
3. ተባይ መኖሩን በማሳው ተዘዋውሮ ሳያረጋግጡ መድኃኒት አለመርጨት፤
4. ፍራፍሬን ብዙ ሳይበስል በጊዜው መልቀም፤
5. እረኛ ልጆች ግሪሳን ከዚህ ወፍ እንዲለዩ ማስተማር።

ዋንዛ አድጎና አርጅቶ ፍልፍል እስኪያወጣ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ለመቁረጥ ግን ግማሽ ቀን ይበቃል። መጥረቢያ ከማንሳታችን በፊት ቀና ብለን እንመልከት።