እንስሳት በመድረክ ላይ ሲናገሩ

አንባቢ ሆይ፥ የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የንጉሥ ገድል ወይም የፍቅር ታሪክ ሳይሆን የአውሬዎች ንግግር መሆኑን ታውቃለህን? በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። ነገሩ ሹማምንቱን የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ደራሲው ግን ከዚያ በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌልም በዚሁ መንገድ ሄደ። ጌታቸውን አባርረው በመጨረሻ ለአሳሞች የተገዙትን የእርሻ እንስሳት ታሪክ «አኒማል ፋርም» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ አሳታሚዎች እምቢ ካሉት በኋላ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1945 ታተመ። ፒተር ሆልም እ.ኤ.አ. በ1984 ተዋንያኑን ጭምብል አልብሶ በለንደን ብሔራዊ ቴአትር አሳየው።

አሁን ይህን መጽሐፍ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኮላ ድባ ለመድረክ ማዘጋጀት ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ? ቃሉን መተርጎም ቀላሉ ሥራ ነው። የደምቢያ ገበሬ ግን አሳማ አያረባም፤ የሚያርሰውም በበሬ ነው። ስለዚህ በታታሪው ፈረስ ፋንታ በሬን አቁም። ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ የደከመው ፈረስ ለአራጅ መሸጡ ለእንግሊዝ ተመልካች ክሕደት ነው፤ ያረጀ በሬ መታረዱ ግን በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ክፍል በሁሉ ፊት ለበሬው የጡረታ ግጦሽ ቃል ይገባለት፤ ያን ጊዜ ሽያጩ ያስለቅሳል።

በአሳማው ቦታስ ማን ይግባ? ዝንጀሮ ቢሆን ያስቃል፤ ዳሩ ግን ዝንጀሮ ከዱር የሚመጣ ሌባ ነው፤ የመጽሐፉ ቁም ነገር ደግሞ በዳዩ ከተበዳዮቹ መካከል መነሣቱ ነው። ስለዚህ አውራ ፍየል ይሻላል። ፍየል የቤት እንስሳ ነው፤ ከመንጋው ፊት ይሄዳል፤ ቅጠል ለመቀንጠስም በሁለት እግሩ ይቆማል። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይም ገዢዎቹ እንስሳት በሁለት እግር መሄድ ይጀምራሉ።

ሰባቱን ሕጎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፋቸው። ለውጡ ከመጋረጃ ጀርባ አይሁን፤ በጎቹ እየጮኹ ሳለ አንድ ፍየል በተመልካቹ ዐይን ፊት ሁለት ቃል ይጨምር። አይቶ ዝም ያለው ተመልካች ራሱ ከበጎቹ አንዱ ይሆናል።

«ፋቡላ»ን ያሳገደው ሰዎች ከአውሬው በስተ ኋላ ሰው ማየታቸው ነው። አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ተማሪ ወይም ትንሽ ጸሐፊ ብትሆን፥ የክፍል አለቃ ወይም የቢሮ ሹም የምትሆንበት ቀን ይመጣል። ጠመኔው በእጅህ ሲገባ ይህን ጨዋታ አስታውስ።