ሳነቴን የቀረጸው በረዶ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በባሌ ተራሮች ያለውን የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚህ የሚመጣ ጎብኚ ዓይኑ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ላይ ነው፤ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ድንጋይ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አምባው ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በበረዶ ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ የበረዶ ግግር የለም። ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ግን የባሌንና የአርሲን ተራሮች እስከ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ግግር ሸፍኗቸው ነበር። የጣለው በረዶ ሳይቀልጥ ሌላው ሲደረብበት ታችኛው ተጨፍልቆ ይጠጥራል፤ ሲወፍርም በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንሸራተታል። ከሥሩ የያዘው ድንጋይ አለቱን እንደ ሞረድ ይፍቃል፣ የሸለቆውን ራስ ይቦረቡራል። ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የተኛው እንዲህ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ግግሩ ያግበሰበሰውን ቋጥኝ ደግሞ በሚቀልጥበት ጫፍ ላይ ከምሮት ይቀራል።

ቋጥኙ ዕድሜውን ይናገራል። ግግሩ ትቶት ሲያፈገፍግ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ያገኘዋል፤ ጨረሩም በድንጋዩ ውስጥ ክሎሪን-36 የተባለ አቶም ያፈራል። ተመራማሪዎች ከገጹ ትንሽ ፈልጠው በላቦራቶሪ የክሎሪኑን መጠን ሲለኩ ቋጥኙ ሰማይ ካየ ስንት ዘመን እንደሆነው ያውቃሉ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ በአምባው ደቡብ ያለው የድንጋይ ሰንበር ነው፤ ርዝመቱ እስከ 1000 ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 15፣ ጥልቀቱም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። የሰው እጅ አልነካውም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት በግግሩ አካባቢ የነበረው መሬት እየቀዘቀዘ ሲያብጥ፣ እየሟሟ ሲሟሽሽ፣ ትልልቁ ድንጋይ ከደቃቁ አፈር ተለይቶ ተሰለፈ። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ይህን የሚያህል ሰንበር ማን ይጠብቃል?

ሰውም በዚያ ብርድ ነበር። 3469 ሜትር ላይ ባለው ፊንጫ ሀበራ የተባለ የአለት ጥላ ሥር፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እሳት አንድደው ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ለመሣሪያቸው የሚሆን ጥቁር ባልጩት የሚያመጡት ከ4200 ሜትር በላይ ካለ ሥፍራ፣ ከግግሩ ጎረቤት ነው።

ወደ ሳነቴ የምትሄዱ ሁሉ ቀበሮውን ካያችሁ በኋላ ከመኪና ውረዱና ድንጋዩንም እዩ። ለመታሰቢያ ብላችሁ ግን አንዱንም ከቦታው አታንሱ፤ ለተመራማሪው ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ ራሱ ማስረጃ ነው።