ስለ መኪና ጎማ ስፋት

በአብነት ሰፈር የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ዛሬ ፒክአፕ የምትባለው ዓይነት፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነች የጭነት መኪና አለቻቸው። በሥራ ቀን ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ከመኸር በኋላ ደግሞ ከቱሉ ቦሎ ጤፍ ጭና ትመለሳለች። የቤቱ ቀለብና የልጆቹ የትምህርት ክፍያ በእርስዋ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ጎማዎችዋ አልቀው አዲስ መግዛት ባስፈለገ ጊዜ ነገሩ የባልና የሚስት ምክር ሆነ። ጌታው ሰፋ ያለ ጎማ እንዲገባላት ወደዱ። ወይዘሮዋ ግን «ስፋቱ ለግርማ ነው ወይስ ለሥራ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ለብዙ ቤት የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናቀርበዋለን።

በነፋስ የሚነፋው ጎማ ራሱ ለሥራ የበቃው በአባትና በልጅ ምክንያት ነው። በቤልፋስት ከተማ የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፣ ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሲል ሠርቶት በ1888 በፈረንጅ አቆጣጠር የፈጠራ መብት ተቀበለበት። ቶምሰን የሚባል የአገሩ ሰው ግን አሳቡን ከእርሱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ አግኝቶት ነበር።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። የወዳጃችን መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ 205 አር 16 የሚል ጽሕፈት ያለበት ጎማ ነበራት። 205 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 16 ጎማው የሚገባበት የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች ነው፤ አር የሚለው ፊደል በውስጡ ያሉት ክሮች ከዳር ወደ ዳር ቀጥ ብለው መዘርጋታቸውን ያስረዳል። የጎኑ ቁመት ለብቻው ሳይጻፍ ሲቀር ከስፋቱ 80 በመቶ ገደማ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 734 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

ጎሚስታው አስቀድሞ ያቀረበላቸው 265/70 አር 16 ነበር። ይህ ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ቁመቱ ግን 777 ሚሊሜትር ስለሚደርስ ከፊተኛው በመቶ 6 ያህል ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን የፍጥነቱ መቍጠሪያ 80 ሲያሳይ መኪናዋ በእርግጥ 85 ገደማ ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፤ ፍሬኑም ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ይታገላል። ደግሞም ይህ ጎማ ከ7 ኢንች የማያንስ ሰፊ ቸርኬ ይፈልጋል፤ የእርስዋ ግን 6 ኢንች ብቻ ነው። ስለዚህ ተተወ።

ሁለተኛው 235/70 አር 16 ነበር። ይህስ ልክ ይመስላል፤ ቁመቱ 735 ሚሊሜትር ሆኖ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ በ6 ኢንች ቸርኬም ይገባል። ነገር ግን ወይዘሮዋ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ሌላ ቁጥር አስተዋሉ። በአሮጌው ላይ 110፣ በአዲሱ ላይ 106 ይላል። ይህ ቁጥር አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት የሚያመለክት ሲሆን፣ 110 ማለት 1060 ኪሎ፣ 106 ማለት 950 ኪሎ ነው። እንግዲህ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድነት 220 ኪሎ፣ ማለት ከሁለት ኩንታል በላይ፣ ከመሸከም ይጐድላሉ። ሰፊ ሁሉ ብርቱ ይመስለናል፤ በዚህ ግን ሰፊው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ይህ ዓይነት ጎማ ለሰው ማመላለሻ እንጂ ለጭነት የተሠራ ባለመሆኑ ነው። ጤፍ የጫነች መኪና በእንዲህ ያለ ጎማ በፀሐይ ስትሄድ ጎማው ግሎ ሊፈነዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ በፊት ወንበር የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ማሰብ ነው።

ስለ ጭቃም ጌታው የተናገሩት አለ። በተፍኪና በቱሉ ቦሎ መካከል ያለው የበቾ ሜዳ መረሬ መሬት ስለ ሆነ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እርሻ የሚገባ ሰው በክረምት መከራውን ያያል። ሰፊ ጎማ ነፋሱ ጥቂት ሲቀነስለት በአሸዋና በለስላሳ መሬት ላይ ተንሳፎ ይሄዳል፤ ይህ እውነት ነው። ከጭቃው በታች ጠንካራ መሬት ሲኖር ግን ጠባቡ ጎማ ቈርጦ ወርዶ ይጨብጣል። ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይም ሰፊው ውኃውን ቶሎ መክፈል ስለማይችል ፈጥኖ ይንሸራተታል። በሐምሌ ከአብነት ወደ ጦር ኃይሎች የሚነዳ ሰው ይህን ይወቅ።

በመጨረሻ የተመረጠው 225/75 አር 16 ሆኖ የክብደት ቁጥሩ 115፣ ማለት 1215 ኪሎ የሚሸከመው ነው። ቁመቱ ከቀድሞው የሚበልጠው በ10 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስኮርታውም ሳይቀር አምስቱ ጎማዎች በአንድ ልክ ተገዙ፤ ሁለት ዲፈረንሻል ባላት መኪና የፊቱና የኋላው ቁመት ከተለያየ ጥርሶቹ ይጐዳሉና።

አንድ ነገር እንጨምር። በጎኑ ላይ አራት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ጎሚስታው አስቀድሞ ካሳያቸው አንዱ 4215 የሚል ነበር። ጌታው 15 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር 2015 ዓ.ም. መስሏቸው አዲስ ነው ብለው ነበር፤ ቁጥሩ ግን የፈረንጅ ስለ ሆነ ጎማው የተሠራው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። ጎማ በመጋዘን ቢቀመጥም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል።

አዲሶቹ ከገቡ በኋላ ከኋላ ጆንያ ተጭኖ መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ተዞረ፤ ፓራፋንጎውንም የነካ አልነበረም። አሮጌዎቹ በረባሶ ለሚሠሩ ሰዎች ተሸጡ።