በከተማ መካከል ስላሉት የጦር ሰፈሮች

«ሰፈር» የምንለው ቃል በመጀመሪያ የወታደር ቃል ነው። ጦር ተጕዞ፥ ድንኳን ተክሎ ሲያርፍ «ሰፈረ» ይባላል፤ ያረፈበትም ቦታ ሰፈር ይባላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ ይሰጣቸው ነበርና፥ አለቃው ከነወታደሩ፥ ከነአሽከሩና ከነቤተ ሰቡ በተመደበለት ኮረብታ ላይ ሰፈረ። ራስ መኰንን ሰፈር፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚሁ ልማድ የመጡ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ድንኳኑ ጎጆ፥ ጎጆውም ቤት ሆነ፤ የወታደሩም ልጅ ነጋዴ፥ ጸሐፊ፥ አስተማሪ ሆነ።

ስለዚህ የጦር ሰፈር ወደ ሰላማዊ ሰው መኖሪያ ሲለወጥ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ በራሱ ጊዜ ሆነ፤ ዛሬ ግን የጦር ሰፈር በግንብ የታጠረ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ባለሥልጣን ተቀምጦ ካልወሰነ አይለወጥም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፥ ጦሩ ግቢውን በለቀቀ ጊዜ ውሳኔው በምን መንገድ ቢሄድ ከተማው ይጠቀማል የሚለውን ነው።

መቼም የጦር ሰፈርን በገበያና በመኖሪያ ቤት መካከል ልሥራ ብሎ የሚነሣ የለም። ሲሠራ ከከተማው ዳር ነበር፤ ኋላ ከተማው እየሰፋ ሄዶ በአራት ማዕዘን ከበበው። የአዲስ አበባን የቦታ ስሞች መመልከት ይበቃል፤ ሲግናል፥ ጦር ኃይሎች፥ አራተኛ ክፍለ ጦር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅና የምዕራብ ቀላል ባቡር መስመር በምዕራብ በኩል የሚያበቃው «ጦር ኃይሎች» ከሚባለው ጣቢያ ነው። አራተኛ ክፍለ ጦር ሲባል ለብዙዎቻችን የታክሲ መውረጃ ብቻ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ደርግ የተቋቋመው በዚያ በነበረው የአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ ነው።

ከተማ የከበበው የጦር ሰፈር ለወታደሩም ለነዋሪውም አይመችም። ወታደሩ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ያጣል፤ የጭነት መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ይያዛል። ነዋሪው ደግሞ ዙሪያውን እንዲሄድ ይገደዳል። እኔ ራሴ ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ የምዞረው እንዲህ ያለ አጥር አለ፤ በመካከሉ ቢታለፍ አሥር ደቂቃ የሚሆነው መንገድ ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስድብኛል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ጥበቃ የሚያስፈልገው ግቢ መታጠሩ ግድ ነው።

ከመንገዱ የባሰው ግን የጥይቱ መጋዘን ነው። በናይጄርያ በሌጎስ ከተማ በኢኬጃ የጦር ሰፈር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 2002 የጥይት መጋዘኑ ፈነዳና ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከነዚህም ብዙዎቹ በፍንዳታው ሳይሆን በጨለማ ሲሸሹ ቦይ ውስጥ ገብተው ሰምጠው ነው። በኢኳቶሪያል ጊኒም በባታ ከተማ በ2021 በደረሰው ተመሳሳይ ፍንዳታ ከ100 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ለኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በግንቦት መጨረሻ 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው ሞቷል፤ የ1977ቱን ረኀብ ለዓለም በፊልም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው በዚያ ጊዜ ነበር። እንግዲህ መጋዘኑ ከሰው መኖሪያ መራቅ እንዳለበት የሚከራከር ያለ አይመስለኝም፤ ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጦሩ ሲወጣ ምን ይቀራል? ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ረጃጅም ሕንፃዎች፥ ያደጉ ዛፎች፥ የውሃ መስመር፥ የሰልፍ ሜዳ ይቀራል። ነዳጅ ሲፈስበት የኖረ፥ በተኩስ መለማመጃው በኩልም እርሳስ የገባበት አፈርም ይቀራል፤ ይህን ሳያጸዱ ሕፃናት ማጫወት አይገባም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሬቱ ነው። በአንድ ባለቤት እጅ ያለ፥ ያልተቈራረሰ ሰፊ መሬት በከተማ መካከል ማግኘት በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ የሚገጥም ዕድል ነው።

በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በ1930ዎቹ የተሠራ የጦር ሰፈር ነበር፤ ጀርመን ድል ስትሆን የፈረንሳይ ጦር ገባበትና በታወቀው የምሽግ መሐንዲስ ስም «ቮባን» ብሎ ጠራው። ፈረንሳዮቹ በ1992 ሲለቁ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ባዶውን ቀረ። ቤት የቸገራቸው ወጣቶች ቶሎ ብለው ከባዶዎቹ ሕንፃዎች ገቡ፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ማኅበራቸው አራት ሕንፃዎችን አገኘ። ሌሎቹ አሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ ታድሰው የተማሪ ማደሪያ ሆኑና ዛሬ በመቶ የሚቈጠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይኖሩባቸዋል። ወታደር በተኛበት ክፍል ተማሪ መጽሐፉን ዘርግቶ ያድራል፤ ይህን ሳነብ መቅናቴን አልደብቅም።

የቀረውን መሬት የከተማው አስተዳደር ከመንግሥት ገዛው። ከገዛው በኋላ ግን ለአንድ ከበርቴ አልሸጠውም፤ በትንንሽ እየከፈለ፥ ቤት ለመሥራት በቡድን ለተደራጁ ቤተ ሰቦች ሸጠላቸው። ነገሩ የኛን የቤት ሥራ ማኅበራት ይመስላል። ነዋሪዎቹ ገና ቤቱ ሳይሠራ ማኅበር አቋቁመው በፕላኑ ላይ ተከራከሩ። በብዙዎቹ መንገዶች መኪና ማቆም አይፈቀድም፤ መኪና ያለው ሰው በሰፈሩ ዳር በተሠራው ጋራዥ ውስጥ ቦታውን በገንዘቡ ይገዛል። የኤሌክትሪክ ባቡር በ2006 ገባላቸው። ሊፈርስ የነበረው የመኰንኖች ክበብ በማኅበሩ ክርክር ተርፎ የሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት ሆነ፤ አሮጌዎቹም ዛፎች ተጠበቁ። ዛሬ ከ5,000 የሚበልጥ ሰው ይኖርበታል። ጉድለት የለውም አልልም፤ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ይሠራል የተባለው የኪራይ ቤት ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆኗል።

ለንደን ውስጥ ደግሞ የቼልሲ የጦር ሰፈር በሌላ መንገድ ሄደ። ስፋቱ 5 ሄክታር ያህል ብቻ ሲሆን በ2008 በ959 ሚሊዮን ፓውንድ በአንድ ጊዜ ለባለሀብቶች ተሸጠ፤ ከገዢዎቹ ዋናው የካታር መንግሥት ኩባንያ ነው። በ2009 የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ፥ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ሳሉ፥ የሕንፃው ንድፍ አላማረኝም ብለው ለካታር ጠቅላይ ሚኒስትር በጻፉት ደብዳቤ ምክንያት ፕላኑ ተሰረዘ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የቆሙት ቤቶች በሚሊዮን ፓውንድ የሚሸጡ ናቸው። የመንግሥት ካዝና ተጠቅሟል፤ ያውም በጣም። አስተማሪ ወይም ነርስ ግን ከደመወዙ ቈጥቦ እዚያ ቤት የሚገዛ አይመስለኝም።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ በዚህ ነገር አይስማሙኝም። አንዱ፥ «ጦሩ ከከተማ ውጭ አዲስ ሰፈር የሚሠራው በምን ገንዘብ ነው? አሮጌውን በውድ ካልሸጠ ከየት ያመጣል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ የምመልሰው፥ ከዋናው መንገድ ጋር የሚዋሰነው ጥቂቱ ክፍል ለሱቅና ለመሥሪያ ቤት በጨረታ ቢሸጥ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል፤ ውስጡ ግን በሊዝ እየተከፈለ ለማኅበራትና ለትምህርት ቤት ይሰጥ ነው። አንድ ጊዜ በጅምላ የተሸጠ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ይመለስ ቢባል ዋጋው አይቀመስም።

ደግሞም የማይረሱ ሰዎች አሉ። በጦር ሰፈር ውስጥ ወይም ከአጥሩ ሥር የሚኖሩ የወታደር ሚስቶች፥ የሟች ወታደር ልጆች፥ ጡረተኞችም ይገኛሉ። ማን የት እንደሚኖር ሳይመዘገብ ቦታው ቢሸጥ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። እኔ የበላይ ብሆን ከፕላኑ በፊት መዝገቡን አስጽፍ ነበር፤ ለነዚህም ከአዲሶቹ ቤቶች ቅድሚያ እሰጥ ነበር። ከነባሮቹ ሕንፃዎች አንዱን ከክፍለ ሀገር መጥተው ለመማር ቤት ለሚከራዩ ተማሪዎች፥ አንዱንም ለቤተ መጻሕፍት አደርግ ነበር። የሰልፉ ሜዳ ምንም ሳይሠራበት የኳስ ሜዳ ይሁን።

ይህ ሁሉ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ጦሩ በለቀቀው ግቢ፥ አፈሩ ንጹሕ በሆነበት በኩል፥ በአጥሩ ላይ ሁለት በር ከፍቶ ለእግረኛ መንገድ መስጠት ፕላንም ጨረታም አያስፈልገውም፤ አንድ ዘበኛና ሁለት ቍልፍ ይበቃዋል።