ፍቅር በአሕዛብ አማልክት ዘንድ

በአገራችን የጋብቻ ምክር በተያዘ ጊዜ «ኮከባቸው ይገጥም ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ የሚቀርበት ቤት ጥቂት ነው። ዓውደ ነገሥት የሚያውቅ ደብተራ የልጁንና የእናቱን ስም በግዕዝ ፊደል ቍጥር ደምሮ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እየገደፈ የተረፈውን ይይዝና፣ ኮከቡ ሐመል ወይም ሠውር፣ ሚዛን ወይም ዓቅራብ ነው ብሎ ይናገራል፤ የልጅቱንም እንዲሁ ቈጥሮ ሁለቱ ይስማሙ እንደ ሆነ ይፈርዳል። እነዚህ የከዋክብት ስሞች በዓረብኛ በኩል የደረሱን ሲሆኑ፣ ሰማዩን አስቀድመው በአሥራ ሁለት የከፈሉት የባቢሎን ሰዎች፣ ክፍሉንም ለሰው ዕጣ መፍቻ አድርገው በዓለም ያስፋፉት ጽርአውያን ናቸው። ስለዚህ የአሕዛብ አምልኮ ስለ ፍቅር ያሰበውንና የሠራውን መመርመር ከገዛ ደጃፋችን የሚጀምር ነገር ነው።

በዘመን የሚቀድሙት የሱመርና የባቢሎን ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ኢናና፣ ሁለተኞቹ ኢሽታር የሚሏት አምላክ የፍቅርም የጦርነትም እመቤት ነበረች፤ ባሏም እረኛው ዱሙዚ ሲሆን፣ ስለ ሞቱ ሴቶች በየዓመቱ ያለቅሱ ነበር። ይህ ልቅሶ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በ8ኛው ምዕራፍ በቤተ መቅደሱ በር ተቀምጠው ለተሙዝ ሲያለቅሱ ያያቸው ሴቶች ለዚሁ ለዱሙዚ የሚያለቅሱ ናቸው። ነቢዩ ኤርምያስም ለሰማይ ንግሥት እንጐቻ የሚጋግሩትን ሴቶች ሲገሥጽ፣ ዱቄት የሚያቦኩት እናቶች፣ እንጨት የሚለቅሙት ልጆች፣ እሳት የሚያነዱት አባቶች እንደ ነበሩ ይነግረናል፤ አምልኮው የካህናት ብቻ ሳይሆን የማጀትም እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አላውቅም። በእኛም አገር ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሳይቀበል ባስጻፈው ጽሕፈት ከብሔርና ከምድር ጋር የተጠራው ዓስታር በስሙ የኢሽታር ዘመድ ነው፤ ዳሩ ግን እንደ ደቡብ ዓረቦች ሥርዓት ወንድ አምላክ ስለ ነበረ፣ የፍቅር እመቤት አድርጎ መቍጠር ስሕተት ይሆናል።

ጽርአውያን አፍሮዲቴ ያሏት አምላክ ከዚሁ ከምሥራቅ የተሻገረች ትመስላለች፤ አገሯም የቆጵሮስ ደሴት ነው ይሉ ነበር። በዚያ በጳፉ አጠገብ በነበረው መቅደሷ ይሰገድለት የነበረው ግን፣ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ የምናየው የተዋበች ሴት ምስል ሳይሆን፣ ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነበረ፤ ድንጋዩም እስካሁን በዚያው አካባቢ ተጠብቆ ይገኛል። ሐዋርያው ጳውሎስና በርናባስ፣ በሐዋርያት ሥራ 13ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ወደ ጳፉ በደረሱ ጊዜ ይህ አምልኮ በሙሉ ኃይሉ የቆመ ነበር። ጳውሎስ ስለ ፍቅር የጻፈውን ታላቅ ምዕራፍ የላከው ደግሞ የአፍሮዲቴ መቅደስ በተራራው ራስ ላይ ወደሚታይባት ወደ ቆሮንቶስ መሆኑን ሳስብ፣ ቃሉ ምን ዓይነት ጆሮ ላይ እንደ ወደቀ የተረዳሁ ይመስለኛል።

በጽርአውያን አሳብ ፍቅር ሰው ከልቡ አመንጭቶ ለወደደው የሚሰጠው የራሱ ገንዘብ አልነበረም፤ ከውጭ መጥቶ እንደ ንዳድ የሚይዝ፣ እንደ ፍላጻ የሚወጋ መለኮታዊ ኃይል ነበረ እንጂ። ኃይሉ ከውጭ ከሆነ ዘንድ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ይለምነዋል፣ ወይ በአስማት ያስረዋል። ስለ አሕዛብ ፍቅርና መንፈሳዊ ሥርዓት የሚነገረው ብዙ ነገር ሁሉ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በነዚህ በሁለቱ መንገዶች ላይ የተዘረጋ ነው።

የልመናው አብነት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ በሌስቦስ ደሴት የነበረችው ባለቅኔ ሳፎ ናት። ከድርሰቷ ሁሉ ሙሉ ሆኖ የደረሰልን አንድ ቅኔ ሲሆን፣ እርሱም ወደ አፍሮዲቴ የቀረበ ጸሎት ነው፤ በዚህም ልቧ የተሰበረው ሴት አምላኳን በስሟ ትጠራታለች፣ ቀድሞ ከሰማይ ወርዳ እንደ ረዳቻት ታስታውሳታለች፣ አሁንም እንድትደርስላት ትማጠናለች። የግዕዝ መጻሕፍት አፍላጦን የሚሉት ፈላስፋ ፕላቶን ደግሞ ስለ ግብዣ በጻፈው መጽሐፉ፣ ሶቅራጥስ ዲዮቲማ ከምትባል ሴት የተማረውን ሲተርክ፣ ፍቅርን እንደ መሰላል አድርጎ ያሳያል፤ ሰው ከአንድ አካል ውበት ተነሥቶ ወደ ነፍስ ውበት፣ ከዚያም ወደ ጥበብ ውበት፣ በመጨረሻም ወደማያልፈው ውበት ይወጣበታል።

ይሁን እንጂ ልመናው ከፈላስፋ መጽሐፍ ይልቅ ደምቆ የሚታየው በሠርግ ነው። በአቴና ሠርግ የሚበዛበት ወር ጋሜሊዮን ይባል ነበር፤ ስሙ ራሱ ከጋብቻ የወጣ ሲሆን፣ የዜውስና የሄራም ጋብቻ በዚሁ ወር ይከበር ነበር። ወሩ ከእኛ ጥር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ጥርም ለእኛ የሠርግ ወር ነውና መገጣጠሙ ደስ ያሰኘኛል፤ አንዱ ከሌላው ተወርሷል ለማለት ግን ምክንያት የለኝም። ሙሽራዪቱ ከሠርጉ በፊት የልጅነት መጫወቻዋንና ከጠጕሯ ቈርጣ ለአርጤምስ ታቀርባለች፤ ደናግልን የምትጠብቀው አምላክ ከእጇ በመውጣቷ እንዳትቀየማት ነው። ከዚያ በኋላ ካሊሮኤ ከሚባለው ምንጭ ለገላዋ መታጠቢያ ውኃ ይቀዳላታል። ውኃው የሚመጣበት ዕቃ አንገቱ እንደ ሸንበቆ የረዘመ፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ በላዩ የሠርግ ሥዕል የተሣለበት የሸክላ እንስራ ነው። ልጅ ሳይዳር የሞተ እንደ ሆነ ይኸው እንስራ፣ ወይም በእብነ በረድ የተቀረጸ አምሳያው፣ በመቃብሩ ላይ ይቆምለት ነበር፤ ወላጅ ለልጁ ያላደረሰውን የሠርግ ውኃ እንደዚህ አድርጎ ማድረሱ ነው። ስለ አሕዛብ ብዙ ካነበብሁት ውስጥ እንደዚህ ልቤን የነካው የለም።

የሮማውያንን በአጭሩ እናልፈዋለን። ከሠርጋቸው ሁሉ የከበረው፣ አሥር ምስክሮች ባሉበት በዩፒተር ካህን ፊት የሚፈጸመው ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው በመሥዋዕት ከሚቀርበው የስንዴ ዓይነት እንጐቻ ነበር። የእጮኝነት ቀለበትም በእነርሱ ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ከቀለበት ጣት ወደ ልብ የሚሄድ ቀጭን ጅማት አለ የሚለውን የግብጻውያንን አሳብ ጸሐፊያቸው አውሉስ ጌሊዩስ ጽፎታል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ማሰሪያው፣ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከግብጽ አሸዋ ከወጡት የጽርእ የአስማት መጻሕፍት አንዱ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና ዛሬ በፓሪስ የሚገኘው፣ ፍቅር የሚፈልገውን ሰው እንዲህ ያዝዘዋል፤ ከሰም ወይም ከሸክላ ሠሪ ጭቃ የሴት ምስል አበጅ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርገህ አንበርክካት፣ 13 የናስ መርፌ ውጋት፣ በእርሳስ ሰሌዳ ላይ ቃሉን ጽፈህ በ365 ቋጠሮ እሰረው፣ ፀሐይ ስትጠልቅም በአጭር በተቀጨ ሰው መቃብር አኑረው። ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ እንዳልቀረ የሚመሰክር ዕቃ በሉቭር ቤተ መዘክር አለ፤ ከመዳፍ የማትበልጥ የጭቃ ሴት ናት፣ ተንበርክካለች፣ እጆቿ በጀርባዋ ታስረዋል፣ 13 መርፌዎችም ከአናቷ ጀምሮ ሰውነቷን ወግተዋታል። ከእርሷ ጋር በአንድ ሸክላ ውስጥ የተገኘው የእርሳስ ሰሌዳ፣ ሳራፓሞን የሚባል ሰው ፕቶሌማይስ የተባለችው ሴት ወደ እርሱ እስክትመጣ ድረስ መብልና መጠጥ እንዳይስማማት፣ ሌላም ወንድ እንዳትቀርብ የሙታንን መንፈስ የሚያዝዝበት ነው። ሰሌዳው ሴቲቱን የሚለያት በእናቷ ስም ነው። ዓውደ ነገሥት ሲቈጠር ደብተራው «የእናትህ ስም ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን የሰማ ሰው ይህን ሲያነብ አይገረምም ለማለት አልችልም።

አስማቱ በሕግም የሚያስቀጣ ነበር። በ158 ወይም በ159 ዓመተ ምሕረት ገደማ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ አፑሌዩስ የተባለ የሰሜን አፍሪካ ሊቅ፣ በዛሬዪቱ ሊቢያ ውስጥ በምትገኘው በሳብራታ፣ ፑደንቲላ የምትባል ባለጸጋ መበለት በአስማት አስወድዶ አግብቷል ተብሎ በዘመዶቿ ተከሰሰ፤ ዓሣ መግዛቱና መስታወት መያዙ እንኳ ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። በዳኛው ፊት የተናገረው ረጅም መከላከያ እስከ ዛሬ ይነበባል። ሴቲቱ በገዛ ፈቃዷ እንዳገባችው ለማስረዳት የደከመው ድካም፣ ክርክሩ ስለ ምን እንደ ነበረ በግልጥ ያሳያል፤ የሚያስነውረው መውደዷ ሳይሆን ፈቃዷ ተነጥቆ እንደ ሆነ ነው። በአገራችን መስተፋቅር የሚባለውን፣ በቡና ወይም በምግብ የሚሰጠውን፣ በክታብ የሚጻፈውን፣ ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው በአጋንንት ስም ስለሚሠራ ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛ ኀጢአት አለበት እላለሁ፤ ይኸውም እግዚአብሔር ነጻ አድርጎ የፈጠረውን የሌላውን ሰው ልብ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ልመናውን ከአማልክቱ ለይታ አንዳንዱን ዕቃ ግን ለራሷ አስቀርታለች። የጽርአውያን ሙሽሮች የአበባና የቅጠል አክሊል ይደፉ ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የካርታጎው ጠርጡልያኖስ አክሊልን ሁሉ ከአሕዛብ ሥራ ቈጥሮ አጥብቆ ነቅፏል፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን በሙሽሮች ራስ ላይ የሚደፋው አክሊል ከፍትወት ጋር ታግለው ሳይሸነፉ ለመድረሳቸው የድል ምልክት ነው ብሎ ተረጐመው። ዛሬ በሥርዓተ ተክሊል ካህኑ በሙሽሮች ላይ የሚደፋውን አክሊል ባየሁ ቍጥር ይህ ረጅም መንገድ ይታወሰኛል። ሁሉ ግን እንደዚህ ተወርሷል ማለት አይደለም። የቫለንታይን ቀን ከሮማውያን የሉፐርካሊያ በዓል የወጣ ነው የሚለው በብዙ ሰው አፍ ያለ ወሬ ማስረጃ የለውም፤ ቀኑን ከፍቅር ጋር ያያዘው በመጀመሪያ የሚታወቀው ጽሑፍ የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የቾሰር ነው፤ እርሱም በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረ ነው።

ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በ391 እና በ392 መሥዋዕቱን በአዋጅ ከከለከለ ወዲህ የጠፋው አምልኮ በእኛ ዘመን በአውሮፓ ተመልሶ ተነሥቷል። በእንግሊዝ አገር ጥንቈላን የሚከለክለው ሕግ በ1951 ከተሻረ በኋላ ጄራልድ ጋርድነር በ1954 መጽሐፉን አሳተመ፤ ዊካ የሚባለው እምነትም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። አይስላንድ የጥንት አማልክቷን የሚያመልከውን ማኅበር በ1973 በሕግ ተቀብላለች፤ ካህናቱም በሕግ የጸና ጋብቻ ይፈጽማሉ። የእነዚህ አዳዲስ ማኅበሮች ሥርዓት ጥንታዊ ነው ቢሉትም አብዛኛው በቅርብ የተሠራ ነው። ከሠርጋቸው እጅግ የታወቀው እጅ ማሰር ሲሆን፣ ሙሽሮቹ በሜዳ ላይ፣ ወዳጆቻቸው ዙሪያቸውን ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይያያዛሉ፤ ሥርዓቱን የሚመራውም ጥለት ወይም ገመድ በእጆቻቸው ላይ እየጠመጠመ፣ ትፈቅዳለህን፣ ትፈቅጃለሽን ብሎ እያንዳንዳቸውን ይጠይቃል፤ ሁለቱም እሺ ካሉ በኋላ ብቻ ቋጠሮውን ያጠብቃል።