ዶሮዋ ታቅፋ እናንተ መንገድ ስትወጡ

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያ በምዞርባቸው ቤቶች የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይለወጣል። ስለ ፈንግል ክትባትና ስለ መኖ ዋጋ ይጠይቁኝ የነበሩ ሰዎች ለፋሲካ ወደ ዘመድ ለመሄድ ሲሰናዱ «ይቺ ዶሮ ከተኛችበት አልነሣ አለች፤ ምን ላድርጋት? ከሥሯ ያለውስ እንቁላል?» ይሉኛል።

ጥያቄው በዚህ ሰሞን የሚበዛው በምክንያት ነው። በ55 ቀኑ ጾም በጿሚ ቤት እንቁላል አይበላም፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ብዙ ሰው በየቀኑ መሰብሰቡን ይተዋል። የሐበሻ ዶሮ ደግሞ ጨለም ባለ ጥግ የተከማቸ እንቁላል ስታገኝ ለመታቀፍ ትነሣሣለች። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በሰውነቷ ይጨምራል፣ መጣሏን ታቆማለች፣ የደረቷ ላባ ይሳሳል፣ እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ከተኛችበት የምትነሣው በቀን አንዴ፣ ለመብላት፣ ለመጠጣትና ኩሷን ለመጣል ብቻ ነው። እንደ ቦቫንስ ባሉት የእንቁላል ዝርያዎች ይህ ጠባይ በምርጫ እርባታ በጣም ስለተቀነሰ፣ እነሱን ብቻ የለመደ ሰው የታመመች ይመስለዋል። በሽታ አይደለም።

ሰዎች የእንቁላልን ትኩስነት የሚለኩት በተጣለበት ቀን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው የት እንደቆየ ነው። አውራ ዶሮ ባለበት ቤት የተጣለ የለማ እንቁላል፣ ሙቀቱ ከ20 ወይም 21 ዲግሪ በታች ከሆነ ሽሉ እንደተኛ ይቆያል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ግን ማደግ ይጀምራል። ከታቃፊ ዶሮ ሥር ያለው ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ አሥር ቀን የከረመ እንቁላል፣ ከዶሮ ሥር ሁለት ቀን ካደረው ይልቅ ለምግብ ይሻላል። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ዶሮ ባትታቀፈውም እንኳ የለማ እንቁላል ውሎ ሲያድር መለወጥ ይጀምራል።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ከትቼ አይቼዋለሁ፤ ሰጥሟል፣ ደህና ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ውሃው የሚነግርዎ እንቁላሉ ምን ያህል አየር እንዳስገባ ነው። ሽል መጀመሩን አይነግርዎትም» አልኳቸው። ትኩስ እንቁላል በውሃ ውስጥ በጎኑ ይተኛል፤ ሲቆይ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበት እየወጣ አየር ስለሚገባ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጣም ሲያረጅ ይንሳፈፋል። ሁለት ሦስት ቀን የታቀፈ እንቁላል ግን ገና ከባድ ስለሆነ ይሰጥማል። ሽሉን ለማየት ጨለማ ክፍል ገብቶ በሞባይል መብራት ማየት ያስፈልጋል፤ ከታቀፈ ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ይታያል። ከዚያ በፊት ያለው የሚለየው አንድ በአንድ ኩባያ ውስጥ በመስበር ነው።

እንግዲህ መንገደኛ ቤቱን ከመዝጋቱ በፊት መወሰን አለበት። ጫጩት ከፈለገ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ንጹሕ እንቁላል መርጦ፣ በእርሳስ ወይም በከሰል ምልክት አድርጎ፣ ሁሉንም በአንድ ማታ ያስታቅፋት፤ ቦታዋንም ከሌሎቹ ይለይ። አለዚያ ሌሎቹ ዶሮዎች በየቀኑ እየመጡ ከሥሯ ይጥላሉ፤ እንቁላሎቹም በአንድ ጊዜ አይፈለፈሉም። መፈልፈያው 21ኛው ቀን ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ግን ባለቤቱ ቤቱ ቢገኝ ይመረጣል።

ጫጩት ካልፈለገ መታቀፉን ማስተው ነው። ይህ ለመንገድ በተነሡበት ጠዋት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከሥር አየር በሚያስገባ፣ ወለሉ ሽቦ ወይም ርብራብ በሆነ፣ ከመሬት ከፍ ባለና ብርሃን በሚያገኝ ቆጥ ሦስት አራት ቀን ትቀመጥ፤ ምግብና ውሃ አይጓደልባት። ሆዷ ሥር የሚሞቅ ነገር ስታጣ ስሜቱ ይለቃታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ወደ መጣል ትመለሳለች። ቁልቁል መስቀል፣ አፍንጫዋን በላባ መውጋት፣ እግሯን አስሮ ማስራብ በየሰፈሩ የማየው ልማድ ነው፤ በጣም ያሳዝነኛል። ማስራቡማ ወደ መጣል የምትመለስበትን ቀን ያርቀዋል።

አደራ የሚሰጠው ጎረቤት ከሚያስበው በላይ ዝርዝር ሊነገረው ይገባል። «ዶሮዎቼን እያቸው» ብሎ መሄድ አይበቃም። በየማታው እንቁላሉን ያንሣ፣ ቀኑን በእርሳስ ይጻፍበት፣ ሳያጥብ ሹሉን ወደ ታች አድርጎ ከምድጃ ርቆ ያስቀምጠው። ማጠብ ቅርፊቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያነሣዋል። እናቶቻችን በጤፍ ውስጥ የሚቀብሩት ከመሰበርም፣ ከቀን ሙቀት መለዋወጥም ይጠብቀዋል፤ ጥሩ ዘዴ ነው። በእነዚያ ቀናት የተጣለውን እንቁላል ለጎረቤት ስጡት ብዬ ሁልጊዜ እመክራለሁ። የድካሙ ዋጋ ይሆነዋል፤ ለራሱ ስለሚበላውም አንድ ቀን ሳያነሣ አያድርም።

ስትመለሱ ከዶሮዋ ሥር ያልተመዘገበ፣ ያልተነገራችሁ እንቁላል ታገኙ ይሆናል። ለበዓል የሚሸጥ እንቁላል ብዙውን ጊዜ የሚገባው ዶሮ ወጥ ውስጥ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ሙሉውን ለእንግዳ ይቀርባል። ሰብሮ የሚያይ ሰው በመካከል የለም። ስለዚህ የት እንዳደረ የማታውቁትን እንቁላል፣ እባካችሁ፣ ወደ ገበያ አታውጡት።